ከመድረክ ወደ መማሪያ ክፍል፦ የቴአትርና የተግባቦት መምህራን የዲግሪ መስፈርት ሲመረመር

የዲግሪ መስፈርት ብዙውን ጊዜ የሚነበበው በሬጅስትራር መስኮት ነው፤ የኮርስ ስም፣ መለያ ቁጥር፣ የክሬዲት ሰዓት፣ የማለፊያ ውጤት። ይሁን እንጂ መስፈርቱ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ሊነበብና ሊተች ይችላል። አንድ ማኅበረሰብ «መምህር» የሚለው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ምን ዐውቆ ከተማሪ ፊት መቆም እንደሚገባው፣ የትኛውን ዕውቀት ዋና የትኛውንስ ተጨማሪ አድርጎ እንደሚቆጥር የሚናገረው በዚሁ ዝርዝር ነው። በኢትዮጵያ የቴአትርና የተግባቦት መምህር የሚሆን ሰው የሚያልፍበት የዲግሪ መንገድ በዚህ ዐይን ሲታይ አንድ ጉድለት ጎልቶ ይወጣል። ሥርዓቱ ከያኒ የሚያወጣ መስፈርት አለው፤ መምህር የሚያወጣ መስፈርትም አለው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙበት ቦታ ግን ሊኖር ከሚገባው እጅግ የጠበበ ነው።

ከትምህርት ቤት የተወለደ ቴአትር

የጉድለቱን ክብደት ለመረዳት የአማርኛ ቴአትር ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ከቀረበ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች በትችቱ ስለ ተቈጡ ቴአትር ለዓመታት በጥርጣሬ ታይቷል። ዳግመኛ ነፍስ የዘራው ከ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል በኋላ ነው፤ የዘራበት ሥፍራም ትምህርት ቤት ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤና መልአኩ በጎሰው ጸሐፌ ተውኔት ብቻ ሳይሆኑ መምህራን ነበሩ። ተዋንያኑ ተማሪዎቻቸው ሲሆኑ ልምምዱም የትምህርት ቤቱ ሕይወት አካል ነበር። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት የአማርኛ ተውኔት ከመማሪያ ክፍልና ከትምህርት ቤት አዳራሽ ያገኘውን ልምድ ይዞ ነው ወደ ትልቁ መድረክ የወጣው።

ይህ ታሪክ ለጌጥ የሚጠቀስ አይደለም። በዚህ አገር የቴአትር ሙያና የመምህርነት ሙያ ሲጀመር አንድ እንደ ነበሩ ያስረዳል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም፣ ከመሥራቾቹ መካከል ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የመሰለ ባለሙያ ነበረበት። ትምህርቱ ለቴአትር ቤቶች፣ ለባህል ተቋማትና ለብዙኃን መገናኛ የሠለጠነ የሰው ኃይል ማፍራትን ዐላማው አደረገ። ያ በዘመኑ ተገቢ ነበር፤ ቴአትር ቤቶቹ በትምህርት የታነጸ አዘጋጅ፣ ተዋናይና ጸሐፊ ያስፈልጋቸው ነበር። ነገር ግን ዐይን ሁሉ ወደ መድረኩ ሲዞር የተውኔት የመጀመሪያ ቤት የነበረው ትምህርት ቤት ባለሙያ አጣ። ዛሬ በአብዛኛው ትምህርት ቤት ተውኔት የሚኖረው በክበብ፣ በሚኒ ሚዲያና በዓመቱ መጨረሻ በሚከበረው የወላጆች ቀን ነው። የሚመራውም ብዙውን ጊዜ በቅን ፈቃዱ ተጨማሪ ሸክም የተቀበለ የቋንቋ መምህር ነው።

አስቀድሞ ሙያ፣ ከዚያ ማስተማር

የመምህራን ሥልጠና ሥርዓት በኢትዮጵያ በአጭር ዘመን ደጋግሞ ተለዋውጧል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ለውጥ የትምህርት ዓይነቱን ዕውቀትና የማስተማር ሥልጠናን በአንድ ዲግሪ ውስጥ ጎን ለጎን አስኬደ፤ በትምህርት ቤት ለሚደረግ የተግባር ልምምድም ሰፊ ቦታ ሰጠ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው አሠራር ደግሞ ቅደም ተከተሉን ቀየረ። ዕጩው አስቀድሞ በሙያው የመጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ይማራል። የመጀመሪያው አካሄድ የትምህርት ዓይነቱን ዕውቀት አሳሳ ተብሎ ተተቸ፤ ሁለተኛው መምህርነትን በመጨረሻ የሚለጠፍ ነገር አደረገው ተብሎ ተወቀሰ።

የቴአትር ጉዳይ ግን ከዚህ ክርክር ውጭ የወደቀ ይመስላል። የማስተማር ዲፕሎማው የትምህርት ዓይነት ተኮር ዘዴ የተቃኘው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ራሳቸውን ችለው ለሚሰጡ ትምህርቶች ነው፤ ለሒሳብ፣ ለፊዚክስ፣ ለታሪክ፣ ለቋንቋ። ቴአትር በዚያ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ስላልኖረ የቴአትር ምሩቅ መምህር ልሁን ቢል የሚያገኘው አጠቃላይ ሥነ ትምህርትን ነው። ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ ክፍል አመራር፣ ስለ ምዘና ይማራል። አንድ ዐይን አፋር ልጅ እንዴት በሰው ፊት ቆሞ እንዲናገር እንደሚረዳ፣ የአንድን ተማሪ ትወና ከሌላው ጋር እንዴት በፍትሕ እንደሚመዝን፣ ስድሳ ተማሪ በተቀመጠበት ጠባብ ክፍል ልምምድ እንዴት እንደሚመራ ግን የሚያስተምረው የለም።

ጉድለቱ ይበልጥ የሚሰማው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከወጣ ወዲህ ነው። የክወናና የዕይታ ጥበባት በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ በአንድ የትምህርት ዓይነት ሥር ተሰባስበዋል። ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ውዝዋዜና ቴአትር በአንድ መማሪያ መጽሐፍ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ መምህር እጅ ይሰጣሉ። ጥበብ በትምህርት ገበታ ላይ ቦታ ማግኘቱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ዩኒቨርሲቲው የሚያሠለጥነው በአንድ ጥበብ የጠለቀ ባለሙያ ሲሆን ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው በአራቱም የሚራመድ መምህር ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ አስቀድሞ ወጣ፤ የዲግሪው መስፈርት ግን ከኋላው አልተከተለም።

ድምፅ የሌለው ተግባቦት

በተግባቦት በኩል ያለው ችግር መልኩ ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ከተመለሱ በኋላ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የእንግሊዝኛ የተግባቦት ክሂልን በሁለት ኮርሶች ይማራል፤ ሥነ አመክንዮን፣ ሥነ ልቡናንና ሌሎችንም ይጨምራል። በዝርዝሩ ውስጥ ተማሪው ነገ በሚያስተምርበት ቋንቋ በአደባባይ መናገርን የሚያለማምድ አቻ ኮርስ የለም። የከፍተኛ ትምህርት ዋና ማስተማሪያ እንግሊዝኛ መሆኑ ይታወቃል። ይሁን እንጂ የቋንቋና የጥበብ መምህር የሚናገረው ለሕፃናትና ለወጣቶች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሌላ የአካባቢው ቋንቋ ነው። የመምህሩ ዋና መሣሪያ የሆነው ድምፅ በመስፈርቱ ውስጥ ስሙ አልተጠራም።

የአማርኛ ሥርዓተ ትምህርት ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን በእኩል ደረጃ ይዘረዝራል። መምህሩን የሚያወጣው ዲግሪ ግን የሚያተኩረው በሥነ ልሳን፣ በሥነ ጽሑፍና በሥነ ቃል ላይ ነው። ተውኔትም በዚያ ውስጥ የሚነበበው እንደ ጽሑፍ ነው፤ ጭብጡ፣ ግጭቱና ገጸ ባሕርያቱ ይተነተናሉ። ተማሪው ተነሥቶ አንድን ቃለ ተውኔት በድምፁና በአካሉ እንዲፈትሽ የሚገደድበት ሰዓት ትንሽ ነው። ውጤቱ በትምህርት ቤት ይታያል። የመናገር ክፍለ ጊዜ ወደ ንባብ ይለወጣል፤ ክርክር የተጻፈን ወረቀት በየተራ ማንበብ ይሆናል።

የሚያሳዝነው አገሩ የንግግር ትምህርት ሀብት ያጣ አለመሆኑ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ይቆጥራል፤ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ስሕተቱ በጓደኞቹ መካከል ይታረማል፤ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይቀርባል። ይህ ሥራን፣ አቀራረብንና ሂስን በአንድ ቀን የሚያገናኝ ሥርዓት ነው። በጥንቱ የሙግት ወግ ደግሞ ተሟጋቾች በ«በላ ልበልሃ» በስንኝ፣ በምሳሌና በአካል እንቅስቃሴ ዳኛንና ታዳሚን ያሳምኑ ነበር። ከከያኒና ከአድማጭ መካከል የሚመሠረተው ግንኙነት በእነዚህ ሁሉ በተግባር ይኖራል። የዲግሪው መስፈርት እነዚህን በሥነ ቃል ኮርስ ውስጥ የሚሰበሰቡ ቅርሶች አድርጎ ያያቸዋል፤ የማስተማሪያ ዘዴ አድርጎ ግን አልመረመራቸውም።

የጎረቤት አገሮች ልምድ

የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ልምድ ለንጽጽር ይረዳል። በዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረው የቴአትር ትምህርት ከኅብረተሰቡና ከትምህርት ቤቶች ጋር የተሳሰረ ሆኖ አድጓል። ፔኒና ሙሃንዶና አማንዲና ሊሃምባ የተካፈሉበት «ቱሴሜ» የተባለው ፕሮጀክት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጃገረዶች የትምህርታቸውን እንቅፋት ራሳቸው በተውኔት እንዲናገሩ አድርጓል። በስዋሂሊ «እንናገር» ማለት ነው። እዚያ ቴአትር ተማሪዎች የሚያስቡበት መሣሪያ ነበር፤ የበዓል ማድመቂያ አልነበረም።

ኬንያ በተለየ መንገድ ታስተምራለች። የአገሪቱ የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሁለት የሚያስተምራቸው የትምህርት ዓይነቶች እንዲኖሩት ይጠይቃል። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው የትምህርት ቤቶች የድራማ ፌስቲቫል ተማሪዎች ለዐሥርት ዓመታት ሲወዳደሩ ቆይተዋል። ሆኖም ድራማ በቀድሞው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ራሱን የቻለ ትምህርት ስላልነበረ ፌስቲቫሉን የሚሸከሙት ለዚያ በዲግሪ ያልሠለጠኑ የቋንቋ መምህራን ነበሩ። አዲሱ የብቃት ተኮር ሥርዓተ ትምህርት ቴአትርና ፊልምን በከፍተኛው ደረጃ ከሚመረጡ ትምህርቶች መካከል ሲያስገባ «ማን ያስተምረው?» የሚለው ጥያቄ ገሃድ ወጣ። የኬንያ ልምድ ለኢትዮጵያ የሚነግረው ግልጽ ነው፦ የትምህርት ዓይነት በወረቀት ሊታወጅ ይችላል፤ መምህሩ ግን በዓመታት ሥልጠና ካልሆነ አይገኝም።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የሥራ ገበያ ነው፤ ትምህርት ቤቶች የቴአትር መምህር የሚቀጥሩበት መደብ በሌለበት ልዩ ዲግሪ ማዘጋጀት ሥራ አጥ ማፍራት ነው ይባላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። መልሱ ግን ዲግሪውን መተው ሳይሆን ከሁለተኛ የማስተማሪያ ትምህርት ጋር ማጣመር ነው። አማርኛንና ቴአትርን፣ ወይም ሌላ የአገር ቋንቋንና ቴአትርን ለማስተማር የሠለጠነ ሰው በየትኛውም ትምህርት ቤት ቦታ ያገኛል፤ ክበቡም በቅን ፈቃድ ብቻ መመራቱ ይቀራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከከያኒያን ወገን ይመጣል፤ ጥበብ ተሰጥዖ እንጂ በሥነ ትምህርት ኮርስ የሚገኝ አይደለም፣ የመምህርነት መስፈርት የጥበቡን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ ራሱ የቴአትሩን ታሪክ ይዘነጋል። ዮፍታሔ መምህር መሆኑ ጸሐፌ ተውኔትነቱን አላሳነሰበትም። ደግሞም የማስተማር ዐላማ ከያኒ መፈልፈል ብቻ አይደለም። መድረክ ላይ ፈጽሞ የማይወጣው ብዙኃኑ ተማሪ ሌላውን ማዳመጥ፣ ሐሳቡን በሥርዓት መግለጽና ራሱን በሌላ ሰው ቦታ አስቀምጦ ማሰብ ይገባዋል።

ሊሻሻል የሚገባው

ከላይ የተነሡት ነጥቦች ወደ ጥቂት ተጨባጭ መስፈርቶች ያመራሉ። አንደኛ፣ የድምፅና የንግግር ሥልጠና ዕጩው በሚያስተምርበት ቋንቋ ከአንድ መንፈቅ በላይ የሚዘልቅ ግዴታ ይሁን። ሁለተኛ፣ የዝግጅት ኮርሱ ቢያንስ አንድ ክፍል ከዩኒቨርሲቲው መድረክ ወጥቶ መብራትና መጋረጃ በሌለው ተራ ትምህርት ቤት ከተማሪዎች ጋር ይሠራ። ሦስተኛ፣ ቅኔ ቤትና የሙግት ወግ፣ እንዲሁም የሌሎቹ ብሔረሰቦች የአደባባይ ንግግር ሥርዓቶች እንደ ማስተማሪያ ዘዴ ይጠኑ። አራተኛ፣ ክወናን የመመዘን ዕውቀት ራሱን ችሎ ይሰጥ፤ ምክንያቱም መምህሩ ማረም ያልቻለውን ነገር ትምህርት ቤት ውሎ አድሮ ማስተማሩን ይተዋል።

አምስተኛው ነጥብ የመውጫ ፈተናውን ይመለከታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ ለመመረቅ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። ፈተናው የሚሰጠው በምርጫ ጥያቄ ነው። በምርጫ ጥያቄ የተውኔት ታሪክንና የሥነ ትምህርት ንድፈ ሐሳብን መመዘን ይቻላል፤ አንድ ዕጩ ድምፁ ከክፍሉ መጨረሻ መድረሱን፣ የተማሪን ሥራ ሳያሸማቅቅ ማረም መቻሉን ግን መመዘን አይቻልም። ፈተና የሚመዝነውን ተማሪ ያጠናል፤ የማይመዝነውን ይተዋል። ስለዚህ ለዚህ ሙያ የተግባር ክፍል የሌለው የመውጫ ፈተና ከላይ የተዘረዘሩትን አራቱንም ማሻሻያዎች ዋጋ ቢስ ሊያደርጋቸው ይችላል።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው፤ ጊዜም ይጠይቃል። ነገር ግን አሁን ባለው አካሄድ የሚከፈለው ዋጋ አይታይም እንጂ ይበልጣል። ሥርዓተ ትምህርቱ ለእያንዳንዱ ሕፃን ጥበብንና የመናገር ክሂልን ቃል ገብቷል፤ ቃሉን የሚፈጽመው መምህር እስኪገኝ ድረስ የክወና ጥበባት መጽሐፍ በየቦርሳው ተሸክመው የሚመላለሱት፣ ነገር ግን አንድም ቀን ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ምዕራፉን የሚጨርሱት ተማሪዎች ናቸው።