ስም አበዳሪው ስም ተበደረ

በ1969 ዓ.ም. የወጣውን የአስር ሳንቲም ዝርዝር አገላብጣችሁ ያያችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? ከአንበሳው ጀርባ አንድ ቀንዳም እንስሳ አለ። የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር ዱር አይገኝም። እዚሁም ቢሆን ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ባሉት ተራሮች ላይ፣ በተለይም በባሌና በአርሲ ነው የሚኖረው። ሳንቲሙ ዛሬ ምንም ስለማይገዛ ከኪሳችን ከወጣ ቆይቷል። እንስሳው ግን በሌላ በር ዞሮ ገባ፤ የሲጋራ ስም ሆነ፣ የመድን ድርጅት ስም ሆነ፣ የመኪና አስመጪ ስም ሆነ። ኒያላ!

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኒያላ የእኛ ቃል አይደለም። ከደቡብ አፍሪካ ሕዝቦች ቋንቋ ተነሥቶ በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ነው። መጀመሪያ የተሰጠውም በሞዛምቢክና በደቡብ አፍሪካ ቆላ ለሚኖር ሌላ እንስሳ ነው። አይቮር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 የኛን አጋዘን ገድሎ ቆዳውንና ቀንዱን ወደ አገሩ ላከ። በ1910 ሪቻርድ ላይደከር የተባለው ሊቅ በሳይንስ መዝገብ ሲያሰፍረው የገዳዩን ስም አወረሰው፤ «በክስቶኒ» አለው። (እንግሊዝም ለካ ትፎክራለች!) ያንን የቆላውን እንስሳ ይመስላል ተብሎ ደግሞ «የተራራ ኒያላ» ተባለ። በኋላ በዘር ሲመረመር ከስም ሞክሼው ይልቅ ለድኩላ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። እኛ ግን ስሙን ከነስሕተቱ ተቀብለን በሲጋራ ፓኮ ላይ አተምነው።

ከዚያ ሰባ አምስት ዓመት ግድም ቀደም ብሎ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜንንና ጎንደርን ዞሮ ሲመለስ የአገሬውን ቃል ጆሮው ውስጥ ይዞ ነበር። ዋልያ፣ ድኩላ፣ ድፋርሳ፣ ብሆር ዛሬም በዓለም የሳይንስ መዝገብ ውስጥ ከአማርኛ የተወሰዱ ስሞች ናቸው። ዲክዲክ የሚባሉት ሚጢጢዎች በጠቅላላ «ማዶቋ» ተብለው የሚጠሩት ከእኛዋ ሚዳቋ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ለዓለም ስም ያበደረ ቋንቋ ለራሱ ተራራ አጋዘን ስም ተበደረ። የደጋ አጋዘን የሚለው ስም ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። የባሌ ሰውም ገደምሳ ይለዋል።

የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አምድ አላባክንበትም ነበር። እንዲያው ለነገሩ ስም የሚጠፋው ዓይን ከጠፋ በኋላ ነው። የቃል ግጥም ሳስተምር ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ እሰጥ ነበር፦ ከምታውቁት የአደን ፉከራ ውስጥ አውሬውን ብቻ ነጥላችሁ አውጡልኝ። ምን ይበላል? የት ያድራል? ከማን ጋር ይውላል? ይመለሱና ባዶ ወረቀት ያሳዩኝ ነበር። ፉከራው ውስጥ ጠመንጃው አለ፤ ምንሽር ከነስሙ፣ ውጅግራ ከነስሙ። አባት አለ፣ አያት አለ፣ እቤቱ የቀረው ፈሪ ጎረቤት አለ፣ ቅቤ የምትቀባው ሚስት አለች። አውሬው ግን ይወድቃል እንጂ አይኖርም። አንዱ ተማሪ፣ «መምህር፣ እሱ እኮ ግዳይ ነው» አለኝ። ከዚያ የተሻለ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ከክፍሌ የወጣ አይመስለኝም። ፉከራ ስለ አደን የተነገረ ይመስላል እንጂ ስለ አዳኙ የተነገረ ነው። ጎፈሩ የሚታሰረው በገዳዩ ራስ ላይ ነዋ!

ዘፈኑስ? ዘፈኑ ደግ ነው፤ አይገድልም። የሚዳቋን አንገትና ዓይን ወስዶ ለቆንጆ ያውሳል፣ ከዚያ ሚዳቋዋን ረስቶ ከቆንጆዋ ጋር ይሄዳል።

በዚህ ነገር ሌላው ዓለም ጻድቅ ነው ልል አይደለም። የሚገርመኝ ግን አውሬውን ከውስጥ ያዩት ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ አዳኞች መሆናቸው ነው። «ባምቢ»ን እ.ኤ.አ. በ1923 ያሳተመው ኦስትሪያዊው ፌሊክስ ዛልተን ራሱ አዳኝ ነበር። አሜሪካዊው አልዶ ሊዮፖልድም እንዲሁ። ሊዮፖልድ ወጣት የደን ሠራተኛ ሳለ ተኩላ ባነሰ ቁጥር አጋዘን ይበዛል፣ አጋዘን ከበዛ አደን ይሰምራል ብሎ ያምን ነበር። (አጋዘን ስል ፈረንጅ «ዲር» የሚለውን ነው። ያኛው ቀንዱን በየዓመቱ አራግፎ አዲስ ያበቅላል፤ ከሰሃራ በስተደቡብ ዘሩ የለም። የእኛው ቀንድ አንዴ ከበቀለ በቀለ ነው። ተርጓሚዎቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል ስላሰሩብን ነው ቅንፍ የከፈትኩት።) ሊዮፖልድ ከጓደኞቹ ጋር በአንዲት ተኩላ ላይ ተኩሶ፣ አጠገቧ ደርሶ ስትሞት አያት። ቆይቶም ተኩላ ያለቀባቸው ተራሮች በአጋዘን ተግጠው ራቁታቸውን ሲቀሩ አየ። በሞተ በዓመቱ፣ በ1949 በወጣው መጽሐፉ ውስጥ ይህን ጻፈ፤ አጋዘን ተኩላን እንደሚፈራ ሁሉ ተራራም አጋዘኑን ይፈራል የሚል ነው ሐሳቡ። የሎውስቶን በተባለው ፓርክም በ1926 ተኩላው ካለቀ በኋላ ኤልክ የሚሉት ግዙፍ አጋዘን በዝቶ ለጋውን ዛፍ ጨረሰው። በ1995 እና በ1996 ተኩላ ከካናዳ መጥቶ ሲለቀቅ በአንዳንድ ሥፍራ ዛፉ ቀና አለ። የተኩላው ድርሻ ስንት ነው በሚለው ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። ይከራከሩ። አውሬው በምድሩ ላይ ሥራ እንዳለው ግን ማንም አልካደም።

ስለዚህ አደን ይውደም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አሜሪካኖቹ በ1937 ባወጡት ሕግ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል፤ አዳኙ የሚገድለውን ያስጠብቃል ማለት ነው። አልቆ ነበር የተባለው አጋዘናቸው ዛሬ በአስር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለውን ዘመዳችሁን ጠይቁ፤ ጓሮ የተከለውን ጎመን ማን እንደበላበት ይነግራችኋል።

ወደ ባሌ እንመለስ። ፓርኩ የታሰበው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሌስሊ ብራውን አጋዘኑን ካጠና በኋላ ነው፤ በ1970 ተቋቋመ፣ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ። ከነዚያ ተራሮች የሚነሡት የዋቤ ሸበሌ፣ የገናሌና የወይብ ውኆች ሶማሊያ ድረስ ሰው ያጠጣሉ። አጋዘኑ ከአስታው፣ ከኮሶውና ከጥዱ ጥላ ወጥቶ በጋይሳይ ሜዳ ይግጣል፤ ነብር እሱን ይጠብቃል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ይህ ሁሉ ሊያበቃ ነበር። የፓርኩ ንብረት ወደመ፤ አጋዘኑ በገፍ ተገደለ። ነገሩን «ሥርዓት አልበኝነት» ብሎ መዝጋት ይቀላል። እኔ ግን ሂሳብ የማወራረድ ያህል አየዋለሁ። ለአገሬው ሰው ያ እንስሳ የግጦሽ መሬቱን የያዘበት የመንግሥት ከብት ነበር። ባለቤቱ ሲሸሽ ከብቱ ታረደ።

ዛሬ ደግሞ ከፓርኩ ውጭ ባሉት የአደን ቀበሌዎች ፈቃድ ያወጣ የውጭ አገር ሰው ሺዎች ዶላር ከፍሎ ወንዱን አጋዘን ይገድላል። የስፖርት አደን ይባላል። ነቃፊው ብዙ ነው። እኔ እንኳ ሙግቱን ሰምቼ ከደጋፊዎቹ አላንስም፤ ዶላር የሚያመጣ ደን ለድንችና ለገብስ የሚመነጠርበት ዕድል ያነሰ ነው፣ ጥቂት ሽማግሌ ወንዶች መሞታቸውም ዘሩን አያጠፋም፤ ቆጠራው እውነተኛ ከሆነና ገንዘቡ ጫካው ሥር ለሚኖረው ሰው ከደረሰ። ሁለቱ «ከሆነ»ዎች ቀላል አይደሉም፣ አውቃለሁ።

የእኔ ጠብ ግን ሌላ ነው። ፈረንጁ ተኩሶ ሲመለስ ቀንዱ በኢንች ይለካና በአዳኞች መዝገብ ከነስሙ ይሰፍራል፤ ያው የድሮው ፉከራ መሆኑ ነው። ዱካውን ያገኘው፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አይቶ «በዚህ አይሆንም፣ ዙር» ያለው፣ ሴቷ ግልገሏን የምትደብቅበትን ቁጥቋጦ የሚያውቀው የመንደሩ ሰው የት ገባ? በመዝገቡ የለም፣ በልብ ወለዳችንም የለም። ምንም ፊደል ሳይቆጥር ተራራውን እንደ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አጠገባችን አለ፤ እኛ ግን አጋዘንን ለማወቅ የእንግሊዝ መኮንን ቆዳ እስኪልክ ጠበቅን።

ሮቤ ላይ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከዚያ እስከ ዲንሾ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አጋዘኑ ከአውቶቡስ መስኮት ይታያል። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ርዕስ ፍለጋ እንደሚጨነቁ ከማንም በላይ አውቃለሁ። አንድ መቅረጫ ይዘው ይሂዱ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ሽማግሌዎቹን ያስወሩ። ስለ ገደሉት ቀን አይጠይቋቸው፤ እሱን ሳይጠየቁም ይናገሩታል። ተኝተው ሲጠብቁ፣ ሳይተኩሱ፣ ያዩትን ይጠይቋቸው።