ባዶ ያልነበረ ዳርቻ፤ ስለ አካፑልኮ የመጀመሪያ ሆቴሎች ታሪክ አጻጻፍ

አካፑልኮ በሜክሲኮ አገር፥ በጌሬሮ ክፍለ ሀገር፥ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ስለ መጀመሪያዎቹ ሆቴሎቿ የተጻፈው ብዙ ነው፤ የባለሆቴሎች ትዝታ፥ የመንገደኞች መምሪያ፥ የጋዜጣ ሐተታ፥ በፎቶግራፍ ያጌጠ መጽሐፍ በየዓይነቱ ይገኛል። የሚበዙት ግን አጀማመራቸው አንድ ነው። በመጀመሪያ ዓለም የረሳት የዓሣ አጥማጆች መንደር ትነሣለች፤ ከዚያ አንድ አርቆ አሳቢ ሰው ከገደል አፋፍ ቆሞ ባሕሩን ይመለከታል፤ ቀጥሎ ሆቴል ይሠራል፥ የሲኒማ ተዋንያን ይመጣሉ፥ ከተማዪቱም በዚያን ጊዜ እንደ ተወለደች ይነገራል። ይህ አተራረክ ለጆሮ የሚጥም ነው። የሕዝብን ኑሮና ልማድ ለሚመረምር ሰው ግን ሦስት ጥያቄ ያስነሣል። ዳርቻው በእርግጥ ባዶ ነበረን? መንገዱን አስቀድሞ የጠየቀው ማን ነው? መሬቱስ ከማን እጅ ወጣ? በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ለእነዚህ ጽሑፎች የሚገባቸውን ዋጋ መስጠት ተገቢ ነው። ከሜክሲኮ ከተማ የሚወርደው የአውቶሞቢል መንገድ በ1927 ተከፈተ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ካርሎስ ባርናርድ የተባለ ሰው ላ ኬብራዳ በሚባለው ገደል ላይ «ኤል ሚራዶር» የተባለውን ሆቴል በጥቂት ክፍሎች ጀመረ፤ ስሙም «መመልከቻ» ማለት ነው። ጄኔራል ሁዋን አንድሬው አልማሳን ደግሞ ሆርኖስ በሚባለው አሸዋማ ዳርቻ፥ ኋላ «ፓፓጋዮ» ተብሎ የታወቀውን ሆቴል አቆመ። ቴዲ ስታውፈር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ሙዚቀኛ በ1940ዎቹ መጨረሻ በዚያው በላ ኬብራዳ ገደል «ላ ፔርላ» የተባለውን የማታ መዝናኛ ከፈተ። በ1950ዎቹ ጆኒ ዋይስሙለርና ጆን ዌይን ከጓደኞቻቸው ጋራ «ሎስ ፍላሚንጎስ» የተባለውን ሆቴል ገዙ፤ የነዳጅ ዘይት ባለጸጋው ፖል ጌቲም «ፒየር ማርኬስ» የተባለውን አሠራ። ይህ ሁሉ የተመሰከረ ነገር ነው። ሰዎቹም ያልተለመደ ሥራ ጀምረው ገንዘባቸውን ለአደጋ እንዳጋለጡ የሚክድ የለም። ስሕተቱ በተጻፈው ላይ አይደለም፤ መነሻ ተደርጎ በተመረጠው ነጥብ ላይ ነው።

ዓለም ረስቷት ነበር የምትባለው መንደር ከ1565 እስከ 1815 ድረስ፥ ማለት ለ250 ዓመት፥ ከማኒላ የሚመጡት የስፔን መርከቦች መድረሻ ነበረች። ሐር፥ የቻይና ሸክላና ቅመማ ቅመም ይገባባት፥ የሜክሲኮ ብር ይወጣባት ነበር። መርከቡ በደረሰ ጊዜ ትልቅ ገበያ ይቆማል፤ ነጋዴውና የጭነት በቅሎ ነጂው ከደጋው ወርዶ እስኪሸጥና እስኪገዛ ድረስ በዚያው ይሰነብታል። በ1813 የነጻነት ጦር መሪ የነበረው ሆሴ ማሪያ ሞሬሎስ የሳን ዲዬጎን ምሽግ የያዘው ወደቡ የገንዘብ በር ስለ ነበረ ነው። ከ1849 በኋላም ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ የሚጓዙትን ሰዎች የጫኑ የእንፋሎት መርከቦች የድንጋይ ከሰል ለመሙላት በዚያ ይቆሙ ነበር። እንግዲህ መንገደኛን ማሳደርና መመገብ በአካፑልኮ በ1930ዎቹ የተፈለሰፈ ሙያ አይደለም። የተለወጠው የእንግዳው ዓይነት ነው፤ ቀድሞ የሚመጣው ለሥራ ነበር፥ ኋላ የሚመጣው ለዕረፍት ሆነ።

ይህን ቸል ማለት ትንንሽ የሚመስሉ ሌሎች ስሕተቶችንም ይወልዳል። በሆቴሎቹ ማስታወቂያ ላይ የኮኮ ዛፍ የዳርቻው የተፈጥሮ ጌጥ ሆኖ ይታያል። ዛፉን ግን ወደ ሜክሲኮ የፓስፊክ ዳርቻ ያመጡት እነዚያው የማኒላ መርከቦች ናቸው። ከዛፉ ጭማቂ የሚወጣውን ቱባ የተባለ መጠጥ አሠራር ያስተማሩትም ከፊሊፒን ደሴቶች የመጡ ባሕረኞች ናቸው። የሆቴል እንግዳ እንደ ጥንታዊ የአገር ጎጆ የሚያየው በዘንባባ ቅጠል የተከደነው ዳስ «ፓላፓ» ይባላል፤ ቃሉም ከፊሊፒን ቋንቋ እንደ መጣ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ሌላም አለ። ኮኮው ለገበሬው መተዳደሪያ እንጂ ጌጥ አልነበረም፤ የደረቀው ፍሬ ኮፕራ ተብሎ ለዘይትና ለሳሙና ሥራ ይሸጥ ነበር። በ1967 የኮፕራ አምራቾች በአካፑልኮ ከተማ በተሰበሰቡ ጊዜ ተኩስ ተከፍቶባቸው ብዙዎች ሞቱ። የሆቴሎቹን ወርቃማ ዘመን የሚተርክ ጽሑፍ ስለ ዛፎቹ ጥላ ብዙ ገጽ ሲሰጥ፥ ስለ ዛፎቹ ባለቤቶች ግን አንድ መስመር ሳይጽፍ ማለፉ የተለመደ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት የሚታየው ስለ መንገዱ በሚነገረው ላይ ነው። በተለመደው አተራረክ መንገዱ የዕረፍት ፈላጊው መንገድ ነው፤ ዋናው ከተማ ወደ ባሕሩ የዘረጋው እጅ ተደርጎ ይቆጠራል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን የአካፑልኮ ንግድ በጥቂት የስፔን ተወላጆች የንግድ ቤቶች መዳፍ ውስጥ ነበር። ዕቃው የሚመጣው በባሕር ስለ ሆነ፥ በወደቡ ያለውን የማጓጓዝ ሥራና መጋዘኑን የያዘ የእህሉንም የጨርቁንም ዋጋ ይቆርጥ ነበር። በ1919 ሁዋን ኤስኩዴሮ የአካፑልኮን የሠራተኞች ፓርቲ መሠረተ፤ አባሎቹም በወደቡ የሚጭኑና የሚያራግፉ ሰዎች፥ የእጅ ሥራ ባለሙያዎችና ገበሬዎች ነበሩ። ፓርቲው የ8 ሰዓት የሥራ ቀን፥ ተገቢ ደመወዝና ለገበሬ መሬት ጠየቀ፤ ከዚሁ ጋራ ወደ ሜክሲኮ ከተማ የሚያደርስ መንገድ እንዲከፈት ጠየቀ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ሁለተኛ በር ከተከፈተ በአንደኛው በር ላይ የተቀመጠው ሰው ኃይሉን ያጣል። ኤስኩዴሮ በ1921 የከተማው ከንቲባ ሆነ፤ በ1922 በጥይት ተመትቶ ለጥቂት ተረፈ፤ በ1923 መጨረሻ ተገደለ። መንገዱ ሲከፈት እርሱ ከሞተ አራት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር።

ስለ ኤስኩዴሮ የተጻፈ የለም ለማለት አይቻልም። ፓኮ ኢግናሲዮ ታይቦ ዳግማዊና ሮሄሊዮ ቪስካይኖ «የሁዋን ኤስኩዴሮ ሁለቱ ሞቶች» የሚል ትርጉም ባለው መጽሐፋቸው ሕይወቱን ዘርዝረዋል። የሚያስገርመው ሁለቱ ዓይነት መጻሕፍት እርስ በርሳቸው አለመነጋገራቸው ነው። በአንዱ መደርደሪያ የሠራተኞች ትግል ታሪክ ተቀምጧል፤ በ1923 ያበቃል። በሌላው መደርደሪያ የሆቴሎች ታሪክ ተቀምጧል፤ በ1927 ይጀምራል። በመካከል ያሉት አራት ዓመታት የማንም አልሆኑም። አንድ ከተማ፥ አንድ ትውልድ፥ አንድ መንገድ ሆኖ ሳለ፥ አንባቢው ስለ ሁለት የተለያዩ አገሮች ያነበበ ይመስለዋል። ሠራተኛው የጠየቀው መንገድ ለእንግዳ የተሰጠ ስጦታ ተብሎ የሚነገረውም በዚህ ክፍተት ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የመሬት ነው። ጄኔራል አልማሳን በ1930ዎቹ መጀመሪያ የመገናኛና የሕዝብ ሥራ ሚኒስትር ሆኖ ሠርቷል፤ በ1940 ደግሞ ለፕሬዚደንትነት ተወዳድሮ ተሸንፏል። መንገድ የሚያሠራውን መሥሪያ ቤት የመራ ሰው በመንገዱ መጨረሻ የሆቴል ባለቤት መሆኑ፥ መንግሥትና ሆቴል በአካፑልኮ ምን ያህል እንደ ተቀራረቡ ያሳያል። ሚጌል አለማን ከ1946 እስከ 1952 ፕሬዚደንት በነበረበት ጊዜ ነገሩ ይበልጥ ሰፋ። የባሕሩን ወሽመጥ ተከትሎ የተዘረጋው ሰፊ ጎዳና በስሙ ተጠራ። ከሜክሲኮ አብዮት በኋላ ለገበሬዎች በጋራ የተሰጠው፥ ኤሂዶ የሚባለው መሬት «ለሕዝብ ጥቅም» ተብሎ ከባለይዞታዎቹ እየተወሰደ ለሆቴልና ለባለጸጋ መኖሪያ ዋለ። በሆቴል ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ይህ ጉዳይ የሚገለጸው በተገብሮ ግሥ ነው፤ ቦታ ተገኘ፥ ዳርቻው ተከፈተ፥ መሬቱ ለማ ይባላል። ማን አገኘው፥ ማን ከፈተው፥ ማንስ ለቀቀው የሚለው አድራጊ ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቷል። ዳርቻው ባዶ ነበር የሚለው ወግ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ ሰው ያልነበረበት መሬት ከማንም አልተወሰደምና።

በዚህ ሁሉ የአገሬው ሰው ተመልካች ብቻ እንደ ነበረ መጻፍ ግን ሌላ ስሕተት ይሆናል። የላ ኬብራዳን ጠላቂዎች ነገር መመልከት ለዚህ ይበቃል። እንደሚነገረው፥ ወጣት ዓሣ አጥማጆች በድንጋይ የተያዘባቸውን መንጠቆና ገመድ ለማስለቀቅ ወደ ባሕሩ ይጠልቁ ነበር፤ ቀስ በቀስም ከፍ ካለ ቦታ መዝለል የጨዋታና የፉክክር ነገር ሆነ። የገደሉ ከፍታ 35 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ውኃው ከታች ጥልቀት የሚያገኘው ማዕበል በገባ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፥ ዘላዩ የማዕበሉን አመጣጥ አስቀድሞ ማስላት አለበት። ሆቴሉ ይህን ሙያ አልፈጠረውም፤ ሰገነት ሠርቶ ዋጋ የሚከፈልበት ትርኢት አደረገው። ጠላቂዎቹም በበኩላቸው በማኅበር ተደራጅተው ሙያቸውን ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ክፍያቸውን ማስከበር ጀመሩ። እዚህ ላይ ልማድ ወደ ገበያ ሲገባ የሚሆነው በግልጽ ይታያል፤ ልማዱ አልጠፋም፥ እንደ ቀድሞውም አልቀረም። የሆቴል ታሪክ ጸሐፊ ግን የሚጽፈው ከሰገነቱ ላይ ማን ተቀምጦ እንደ ተመለከተ ነው።

የታዋቂ እንግዶች መዝገብ ታሪክ ሲሆን ምን እንደሚመጣ አንድ ፊልም ያስረዳል። በ1963 የወጣው፥ ኤልቪስ ፕሬስሊ ዋና ተዋናይ የሆነበት የአካፑልኮ ፊልም የከተማዪቱን ስም በዓለም ካስጠሩት አንዱ ነው። ነገር ግን ፕሬስሊ ለፊልሙ አካፑልኮ አልሄደም፤ የእርሱ ክፍል በሆሊውድ ተቀርጾ፥ በስፍራው የታየው ሌላ ሰው ነበር። በአንጻሩ በሆቴሎቹ ወጥ ቤት፥ ልብስ ማጠቢያና አትክልት ቦታ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሰዎች በስፍራው ኖረው ሳለ በመጻሕፍቱ ውስጥ አይገኙም። ከአካፑልኮ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ኮስታ ቺካ በሚባለው ዳርቻ የሚኖረውን፥ ከአፍሪቃ የመጡ ባሮች ዘር የሆነውን ሕዝብ ጎንሳሎ አጊሬ ቤልትራን «ኩይላ» በተባለው የ1958 መጽሐፉ አጥንቶታል። የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት ይህን ሕዝብ በስሙ ያወቀው በ2019 ነው፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራም ተቆጥሯል። ከአካፑልኮ ብዙ የማይርቀው ይህ ሕዝብ በሆቴሎቹ ታሪክ ውስጥ ስሙ ሳይነሣ ብዙ ዘመን አለፈ።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ባለሆቴሉ ደብዳቤውን፥ ፎቶግራፉንና የእንግዳ መዝገቡን አስቀምጧል፤ አልጋ ያነጠፈችው ሴት ግን ምንም አላስቀመጠችም፤ ታሪክም ያለ ሰነድ አይጻፍም ይባል ይሆናል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። ሆኖም የመሬት መውሰጃ አዋጅ ሰነድ ነው፤ የፓርቲ ጥያቄ ሰነድ ነው፤ የደመወዝ መዝገብም ሰነድ ነው። የአረጋውያንን ቃል ሰብስቦ መመዘንም የዚሁ ትምህርት ዋና ሙያ ነው። የጎደለው ወረቀት ሳይሆን የመፈለግ ፈቃድ ነው።

ነገሩ የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የአካፑልኮ ሕዝብ በ1950 ከ30,000 ያነሰ ሲሆን በ1970 ከ170,000 በላይ ሆነ። ለሥራ የመጣው ሰው ዳርቻው ስለ ተያዘ ወደ ተራራው ወጣ። በ1980 ገደማ ከተራራው ብዙ ሰዎች ተነሥተው ከወሽመጡ ጀርባ «ዳግም ልደት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ወደ ተሰጠው ሰፈር ተዛወሩ። በ1997 ፓውሊና የተባለው ዐውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ ብዙ ሰው የፈጀው በሸለቆና በተዳፋት ላይ ባሉት የድኾች ሰፈሮች ነበር። በ2023 ደግሞ ኦቲስ የተባለው፥ 5ኛ ደረጃ ያለው ዐውሎ ነፋስ ከተማዪቱን መትቶ አብዛኞቹን ሆቴሎች ጎዳ። ዳርቻው ባዶ ነበር የሚለው ወግ በዚህ ጊዜ አደገኛ ይሆናል። ከተማ ማለት ሆቴል ነው ብሎ የጻፈ ትውልድ፥ ሆቴሉ በታደሰ ጊዜ ከተማው የታደሰ ይመስለዋል።

ስለዚህ ወደ ፊት የአካፑልኮን የመጀመሪያ ሆቴሎች ታሪክ የሚጽፍ ሰው ባርናርድንም ስታውፈርንም መተው አያስፈልገውም። መጽሐፉን ግን ከገደሉ አፋፍ ሳይሆን ከወደቡ ቢጀምር፥ ኤስኩዴሮንና አልማሳንን በአንድ ምዕራፍ ቢያገናኝ፥ ከእንግዳው መዝገብ ጎን የሠራተኛውንና የባለመሬቱን መዝገብ ቢዘረጋ፥ ጠላቂውንም ከማዕበሉ በታች ከነስሙና ከነማኅበሩ ቢያሳይ፥ ለአካፑልኮ ሰዎች ከተማቸውን ይመልስላቸዋል፤ ለትምህርቱም እስከ ዛሬ ያልተሠራ ሥራ ይሆናል።