«ትማርኪያለሽ»ና ያልተቆጠረው ዝናዋ

ስለ ዘመናዊ ዘፈን በምናቀርባቸው ጥናቶች ውስጥ «በሰንጠረዥ አንደኛ የወጣ» የሚለው አባባል እየተለመደ ሄዷል። ለውጭ አገር ዘፈን ሲነገር ነውር የለበትም። ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ1958 እ.አ.አ. ጀምሮ የሸክላውን ሽያጭና የራዲዮኑን ስርጭት እያጣራ «ሆት 100» የሚባለውን ሰንጠረዥ በየሳምንቱ ሲያወጣ ኖሯል፤ ከዚያም በፊት ሌሎች ሰንጠረዦች ነበሩት። ስለዚህ የኤልቪስ ፕሪስሊ «ሃርትብሬክ ሆቴል» በ1956 አንደኛ ሆነ ስንል ቆጣሪው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ይህንኑ ቃል ለዓለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ስናውለው ግን፥ ማን ቆጠረ?

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አቶ አምሐ እሸቴ የተባለው ወጣት የሙዚቃ መደብር ባለቤት ይህን እያወቀ በ1969 እ.አ.አ. በራሱ ገንዘብ «አምሐ ሬከርድስ»ን አቋቋመ፤ በፖሊስ ኦርኬስትራ ስሙ የታወቀውን ዓለማየሁን አስዘፍኖ ቅጂውን ወደ ሕንድ አገር ልኮ አሳተመው። የመጀመሪያው ሸክላ «ትማርኪያለሽ» ነበር።

አቶ አምሐ በኋለኛው ዘመን ሲያስታውስ፥ ዘፈኑ ከመደብሩ ውጭ በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ ሰው በመንገድ ላይ ይጨፍር፥ መኪናም ይቆም ነበር ይላል። ሰውየውን አናስተባብልም። ሆኖም ሻጭ ስለ ሸቀጡ የሚናገረው ምስክርነት ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም፤ መኪና የቆመበትም መንገድ አዲስ አበባ ነው። እዚህ መቀሌ፥ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው አድማጭ ምን አለ?

እኔ ለማየት የቻልሁት አንድ ሸክላ ብቻ ነው። ከከተማችን ነዋሪ ከሆኑ አንድ ሽማግሌ ዘንድ፥ ከግራሞፎኑ ሣጥን ሥር ተቀምጧል። የ«ትማርኪያለሽ» ገጽ መርፌ ስለፈጨው ነጣ ብሏል፤ ሌላው ገጽ ግን አሁንም እንደ ሬት ጥቁር ነው። «ያኛውን ማን ይሰማዋል!» አሉኝ ሽማግሌው። ቆጠራ ይህ ከሆነ፥ እንግዲህ አንድ ቤት ቆጥሬአለሁ።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚሁ የሚወለድ ነው። ዓለማየሁን «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ማለት፥ አንዳንዴም «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን»፥ ምስጋና ይመስላል። እርግጥ ነው፥ ጠጉሩንና አለባበሱን፥ የመድረክ አኳኋኑንም ከእነርሱ ተምሯል፤ ራሱም አልደበቀም። ነገር ግን ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎችን በአንድ ሰው ላይ መደረብ ራሱ ስሙ ልክ እንዳልሆነ ያሳያል። የዚያን ጊዜ ሸክላዎች ጊታሩንና ሳክስፎኑን ከባሕር ማዶ ወሰዱ እንጂ ቅኝቱን አልወሰዱም፤ ቃሉን የሚያጠብቀውና የሚያላላው የአማርኛው ዘፋኝ ጉሮሮ ነው። ሮክ ብለን የምንጠራው ከሆነ፥ ዋናውን ነገር ትተን ልብሱን መጥራታችን እንደሆነ እንወቅ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ 9ኛውን ክፍል ለዓለማየሁ ብቻ ሰጥቶ አውሮፓውያን ሲሰሙት የተደነቁት ባልለመዱት ነገር ነው፤ ኤልቪስንማ ቤታቸው አላቸው።

ስለ ስኬቱ ለመናገር ሰንጠረዥ መፍጠር አያስፈልገንም፤ ሊመረመር የሚችል ማስረጃ አለ። የመጀመሪያው ሸክላ ቢከስር ኖሮ ሁለተኛው አይታተምም ነበር፤ መንግሥትም ሆነ ባንክ ከጀርባው አልነበረምና። አምሐ ሬከርድስ ግን እስከ 1975 እ.አ.አ. ድረስ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና 12 ያህል ረጃጅም ሸክላዎች አወጣ፤ ሌሎች አሳታሚዎችም ተከተሉት፤ የሀገር ፍቅር ብቸኛ መብትም በወረቀት ላይ ቀረ። በ1975 አቶ አምሐ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ከዚያ ወዲህ ዘመኑ የሰዓት እላፊና የካሴት ሆነ። እርሱም ዓለማየሁም በ2021 እ.አ.አ. በወራት ልዩነት አርፈዋል። በየቤቱ ያሉትን ሸክላዎች የትኛው ገጽ እንደነጣ እያየ የሚመዘግብ ተማሪ ቢገኝ፥ ባለቤቶቻቸው በሕይወት ሳሉ ቢጀምር ይሻላል።