የአሮጌ ሰሌዳ ጠጋኝ

በስሪ ላንካ ደቡብ፣ በወሊጋማ የባሕር ዳርቻ፣ አሸዋው ላይ ተደርድረው የሚከራዩት የሰርፍ ሰሌዳዎች ለዓይን አይማርኩም። ነጭነታቸው ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዛቸው ተላልጧል፤ ሆዳቸው በተለያየ ጊዜ በተለጠፈ እራፊ ተዥጎርጉሯል። ማዕበል ላይ መንሸራተት የተካነ ሰው የራሱን አዲስ ሰሌዳ አቅፎ በአጠገባቸው ዝም ብሎ ያልፋል። የሚከራዩአቸው ጀማሪዎችና እንደ እኔ ገንዘቡን እየቆጠረ የሚጓዝ ሰው ናቸው። ሆኖም በዚያ ዳርቻ ካየሁት የእጅ ሥራ ሁሉ የላቀው እነዚያ አሮጌ ሰሌዳዎች ላይ ነው ያለው። ስለሠራቸው እጅ አይደለም የማወራው፤ ስለጠገናቸው ነው።

ወሊጋማ ለጀማሪ ይራራል። የባሕረ ሰላጤው ወለል አለት ሳይሆን አሸዋ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ወቅት ማዕበሉ ከሩቅ ተሰብሮ፣ ጉልበቱን ጨርሶ፣ ነጭ አረፋ ሆኖ ወገብ እስከሚደርሰው ውኃ ድረስ ይመጣል። ከኮሎምቦ ፎርት ጣቢያ የሚነሣው ባቡር ባሕሩን እየታከከ እዚያ ያደርሳል፤ የሦስተኛ ማዕረግ ቲኬቱ ርካሽ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ወንበር ማግኘት ግን የዕድል ጉዳይ ነው። ቬንትሌተር ባላት ክፍል አድሮ፣ ቀን ሩዝ በካሪ፣ ማታ ኮቱ የሚባለውን የተከተፈ ቂጣ ጥብስ የሚበላ ሰው ኪሱ ብዙ አይጎዳም። ክፉው ሰዓት ቀትር ነው። ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ ማዕበሉን ያበላሸዋል፤ ፀሐዩ ይፋጃል፤ ካፌዎቹ ደግሞ ውድ ናቸው። ብቻውን የመጣ ሰው የሚያጫውተውም የለም። በነጻ የሚቀመጡበት ጥላ ቢኖር ከኮኮናቱ ዛፎች ሥር ያለው የቆርቆሮ ዳስ ነበር፤ ሰሌዳ የሚጠገንበት።

የዳሱ ባለቤት ጠና ያሉ ሰው ናቸው። የሰርፍ አስተማሪዎቹ ወጣቶች እርስ በርሳቸው «ማቻን»፣ ጓዴ እንደማለት፣ ይባባላሉ፤ እርሳቸውን ግን «አንክል» ነው የሚሏቸው፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። እጃቸውን የፈቱት በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ነው። የዚያ ዳርቻ የጥንት ጀልባ ኦሩዋ ይባላል። ከጎኑ ተንሳፋፊ ግንድ ይታሰርለታል፤ ሳንቃው በምስማር ሳይሆን በኮኮናት ገመድ ይሰፋል። ዛሬ በአብዛኛው ቦታ በፋይበርግላስ ጀልባ ተተክቷል፤ ስለዚህ የፋይበርግላስ ጨርቅና ሬዚን የሚያውቅ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ግን የጀልባ እጅ ለሰሌዳ ይከብዳል። ጀልባ ወፍራም ልጥፍ ይወዳል፤ ሰሌዳ ወፍራም ነገር አይችልም። አንክል የመጀመሪያ ትግላቸው የለመዱትን መርሳት እንደነበር ሲናገሩ ይስቃሉ።

የጀማሪ ሰሌዳ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ቀላል የሚመስለው ሰው አለ። ርዝመቱ ዘጠኝ ጫማ ያህል፣ ማለትም 2 ሜትር ከ75 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ወርዱ 57፣ ውፍረቱ 7 ሳንቲም ተኩል ቢሆን ነው። ውስጡ ፎም ነው። ፎሙ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ለሁለት ተሰንጥቆ መሐሉ ላይ ቀጭን እንጨት ይጣበቅበታል፤ ላዩን የፋይበርግላስ ጨርቅ በሬዚን ርሶ ያለብሰዋል። ቅርጹን የሚያወጣው ሰው የሚሠራው በጨለመ ክፍል ውስጥ ነው። መብራቶቹን ከጣራው ላይ አያደርጋቸውም፤ በግራና በቀኝ ግድግዳ፣ በሰሌዳው ቁመት ልክ ያጋድማቸዋል። ብርሃኑ በጎን ሲመጣ ዓይን ያላየውን ጉብታ ጥላው ያወጣዋል። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና የሚለው በስሌት ነው፤ ጥቂት ቢያንስ ጀማሪውን ይዞ ወደ ውኃ ይሰጥማል፣ ጥቂት ቢበዛ ውኃውን እየገፋ ይዘገያል። ጠርዙ መሐል ላይ ድቡልቡል፣ ወደ ጭራው ሲሄድ ስል ይሆናል፤ ድቡልቡሉ ይቅር ይላል፣ ስሉ ውኃውን በጊዜ ይለቃል። ተማሪው ይህን አንዱንም አያውቅም። እግሩን ያለቦታው ሲያስቀምጥ የማይገለበጠው ግን ያ ሁሉ ስለታሰበለት ነው።

ላያቸው ስፖንጅ የሆነ ሰሌዳዎችም አሉ፤ ብዙ ትምህርት ቤት የሚያከራየው እነርሱን ነው። ጭንቅላት ቢመቱ አይፈነክቱም፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንዴ ውኃ ከጠጡ ከመጣል በቀር መድኃኒት የላቸውም። የማይጠገን ዕቃ አልወድም።

የሰሌዳ ስብራት ዲንግ ይባላል። ከሌላ ሰሌዳ ጋር መጋጨት፣ ከባጃጅ ጣሪያ ላይ መውደቅ፣ ውኃው ሲሸሽ ከወለሉ ጋር መፋተግ፣ ሁሉም ዲንግ ያመጣል። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቢቀጥን እንኳ ፎሙ ውኃ ይመጥጣል፤ ሰሌዳው ይከብዳል፣ ውስጡ ይበላሻል። አንክል የመጣላቸውን ሰሌዳ አስቀድመው በአውራ ጣት ይጫኑታል። ውኃ ጠብ ካለ ሥራ የለም። በጨው አልባ ውኃ ያጥቡትና ቀዳዳው ወደ ታች እንዲሆን አድርገው ጥላ ውስጥ ያቆሙታል። ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቅ ነበር፤ ነገር ግን በሙቀት የተነፋው አየር ጨርቁን ከፎሙ ያላቅቀዋል። አንድ ወጣት አስተማሪ ሰሌዳ ተሸክሞ እየሮጠ ይመጣል፤ ጠዋት ተማሪዎች አሉት።

«አንክል፣ ለዛሬ ማታ ይደርሳል?»

«ነገ።»

«ትንሽ ናት እኮ፣ አንክል!»

«ትንሽ ስለሆነች ነው ነገ።»

ልጁ ያጉረመርማል፤ ሰሌዳውን ግን ትቶ ይሄዳል።

ሁለተኛው ምርመራ በጥፍር ነው። ፎሙን ትንሽ ይጭሩታል። እንደ ዱቄት ከረገፈ ፖሊዩሬቴን ነው፤ ክብ ክብ ፍሬ ሆኖ ከተፈለፈለ ፖሊስታይሪን ነው፣ ያ ነጩ የቴሌቪዥን ማሸጊያ። ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው፤ ርካሹ የፖሊስተር ሬዚን ፖሊስታይሪን ላይ ቢፈስ ፎሙን አቅልጦ ጉድጓድ ያደርገዋል። ለእርሱ ኤፖክሲ ያስፈልጋል፣ ኤፖክሲ ደግሞ ውድ ነው። ይህን ሳያጣራ የሚያፈስ ጠጋኝ ሰሌዳውን ሊያድን ሄዶ ይገድለዋል።

ከዚያ የተሰበረው ተቆርጦ ይወጣል። ጀማሪ ጠጋኝ ለመቁረጥ ይሳሳል፤ አንክል ጤነኛው ጨርቅ እስኪገኝ ድረስ አይራሩም። ጉድጓዱ እጅግ ቀላል በሆነ ነጭ ዱቄት በተለወሰ ሬዚን ይሞላል፤ ሬዚን ለብቻው ቢሞላ ያ ቦታ ይከብድና በሌላ ቀን በዙሪያው ይሰነጠቃል። የማጠንከሪያው መጠን ከሬዚኑ መቶ እጅ ሁለቱን እንኳ አይሞላም። በዚያ ሙቀት አንዲት ጠብታ ብትበዛ ሬዚኑ ጽዋው ውስጥ እንዳለ ይጨሳል። ጨርቁ የሚለብሰው ወደ አመሻሹ ላይ ነው። ሰሌዳው እየሞቀ ባለበት ሰዓት ቢለበስ ከፎሙ የሚወጣው አየር ሬዚኑን ያቦካዋል፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ግን አየሩ ይሰበሰብና ሬዚኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ይህን ከመጽሐፍ ነው ያገኙት ብዬ አላምንም።

ጨርቁ ሁለት ድርብ ነው፤ አንዱ ለቁስሉ ልክ የተቆረጠ፣ ሌላው በዙሪያው ጥቂት የሰፋ። ሬዚኑ ይፈስና ወዲያው በላስቲክ መጥረጊያ መልሶ ይጠረጋል። መጀመሪያ ሳየው ብክነት መሰለኝ። ለካ ሰሌዳን የሚያጠነክረው ጨርቁ እንጂ ሬዚኑ አይደለም፤ የተረፈ ሬዚን ክብደትና ተሰባሪነት ብቻ ነው። መጥረጊያው ሲያልፍ ነጩ ጨርቅ ከዓይን ይጠፋል፤ ካልጠፋ ሬዚን አንሶታል፣ ካንጸባረቀ በዝቶበታል። የመጨረሻው ሽፋን ውስጥ ትንሽ ሰም የቀለጠበት ሬዚን ነው የሚገባው። ሰሙ እየደረቀ ባለው ሬዚን ላይ ይንሳፈፍና አየር ይከለክለዋል፤ ያለ ሰሙ ገጹ እንደተጣበቀ ይቀራል፣ ብርጭቆ ወረቀትም አይቀበልም። ከሥሩ ያለው ሽፋን ደግሞ ሆን ተብሎ ያለ ሰም ይቀራል፣ የሚቀጥለው እንዲይዘው።

አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የስቱኮ ባለሙያ ሲሠራ የቆመ ሰው ግማሹን ያውቀዋል፤ መሙላቱን፣ መፋቁን፣ በመዳፍ መዳበሱን። መኪና ግን በኋላ ቀለም ይቀባል፤ ቀለም ደግሞ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል። እዚህ ሬዚኑ ግልጽ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይታያል። አሮጌው ሰሌዳም በፀሐይ ቢጫ ስለሆነ ንጹሕ ነጭ ልጥፍ ከሩቅ ይጮኻል። አንክል ነጩ መሙያ ውስጥ ቢጫ ጠብ ያደርጋሉ፣ ከዚያ በጥርስ መፈቅፈቂያ ጫፍ ቡናማ ይነክሩበታል። በጥላም በፀሐይም ከሰሌዳው አጠገብ ይዘው ያዩታል። አንዳንዴ ሙሉውን ጽዋ ይደፉትና እንደገና ይጀምራሉ። ለማን? ያን ሰሌዳ የሚከራየው ሰው ሆዱን ገልብጦ እንኳ አያይም። ብጠይቃቸው «አያለሁ» አሉኝ፤ እርሳቸው ያዩታል ማለት ነው።

ሲፍቁ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ልጥፉ ከነባሩ ጋር የሚገናኝበትን መስመር የሚያነቡት በጣታቸው ነው። ጥቂት ቢያልፉ የነባሩን ጨርቅ ክር ይቆርጣሉ፤ ጥቂት ቢያንሱ እርከን ይቀራል፣ እርከን ደግሞ ውኃ ይይዛል። ከሁሉ የሚከብደው ከሰሌዳው ሥር የተነቀለ ክንፍ መመለስ ነው። ከአፍንጫ እስከ ጭራ በመሐሉ እንጨት ላይ ክር ይወጥራሉ፤ ክንፉ ከክሩ ጋር ቀጥ ካላለ ሰሌዳው ዕድሜ ልኩን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ተማሪውም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ክሩን ካነሡ በኋላ ግን ከጭራው በኩል ተንበርክከው በአንድ ዓይናቸው ያያሉ፤ ሁለት ጊዜ ክሩ ያጸደቀውን ሲያስተካክሉ አይቻለሁ።

ጥገና ከፈጠራ በታች ነው ለሚል ሰው የሰርፍ ታሪክ ሌላ ይናገራል። በሆኖሉሉ ቢሾፕ ሙዚየም የሃዋይ አለቃ አብነር ፓኪ ግዙፍ የእንጨት ሰሌዳዎች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቶም ብሌክ የሚባል አሜሪካዊ እነዚህን ያረጁ ሰሌዳዎች አደሰ። እያደሰ ቅርጻቸውን አጠና፤ አምሳያቸውን ሠርቶ ለማቅለል በሳሳው፤ ከዚያም ውስጡ ባዶ የሆነ ሰሌዳ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ከሰሌዳ ሥር ክንፍ ገጠመ። አንክል ክር ወጥረው የሚያቀኑት ያንኑ ክንፍ ነው። ፎሙ የመጣው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው።

በዚያ በተጠገነ ሰሌዳ ላይ ተኝቶ አረፋውን መጠበቅ፣ አስተማሪው ጭራውን በልኩ ሰዓት ሲገፋ መነሣት፣ ብዙ ጊዜ መውደቅ፣ አንዳንዴ መቆም፣ ይህ ሁሉ ደስ ይላል፤ የቆመ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለሆነ አልጨምርበትም። የምመሰክረው ሰሌዳው ሲሄድ ልጥፎቹ አለመሰማታቸውን ነው።

አንድ ነገር ግን አላደንቅም። የፖሊስተር ሬዚን ሽታ ራስ ያዞራል፤ የፋይበርግላሱ ብናኝ ሳንባ ይገባል። አንክል አፍንጫቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ ነው፣ ጨርቅ ደግሞ ትነት አያግድም። ወሊጋማ የምትሄዱ፣ ሰሌዳ ስትመርጡ ገልብጣችሁ እዩ፤ ልጥፉን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ውኃ ካልወጣና እርከን ካልተሰማችሁ ቢጫነቱን ሳትፈሩ ውሰዱት። ከሰበራችሁትም ሳትደብቁ ለጠጋኙ አምጡ፤ በዋጋውም አትከራከሩ። ሻንጣችሁ ጥግ ላይ ቦታ ካለ ደግሞ የሬዚን ትነት የሚያግድ፣ ማጣሪያ ያለው ማስክ ያዙላቸው፤ የተራው የወረቀት ማስክ አይሆንም።