ጁላይ ፎር በሸክላ ሙዚቃ

ጁላይ ፎር አሜሪካ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የሰው አገር በዓል ብቻ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ሂዩስተን ላይ የተጀመረው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር በየዓመቱ የሚካሄደው በዚያው ሰሞን ስለሆነ፣ ዘመድና አብሮ አደግ ተፈላልጎ የሚገናኘው ያኔ ነው። ወደ ውድድሩ ከተማ ያልሄደውም ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ጓሮው ውስጥ ከሰል ያቀጣጥላል። ይህን ቀን በድሮ ዘመን ወግ መደገስ ለሚፈልግ ሰው እንግዳውም ሰበቡም ዝግጁ ናቸው። የሚቀረው ሙያው ነው።

የድሮ ዘመን ድግስ ከመነሻው የሚበላሸው ደጋሹ «የትኛው ድሮ?» ብሎ ሳይጠይቅ ሲቀር ነው። የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የነገሠበት ጊዜ አንድ ነው፤ ሮሃ ባንድ በካሴት በየቤቱ የገባበት ደግሞ ሌላ። ለጓሮ ድግስ የሚስማማው በመካከል ያለው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1969 እስከ 1978 የዘለቀው የሸክላ ዘመን ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቱ የሙዚቃ ቤት ባለቤት አምኃ እሸቴ በ1969 ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 አልበሞች ከእሱ ቤት ወጡ። ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን ምሽት ሲያጨልመው፣ አምኃም በ1975 አገር ለቆ ወጣ፤ ኑሮውን ዋሽንግተን አድርጎ ምግብ ቤት ከፈተ። ያ ሙዚቃ በዋሽንግተን ዙሪያ ሲሰማ እንግዳ የማይሆነው ለዚህም ነው።

እውነተኛ ሸክላ ያለው ሰው ከፀሐይ ይጠብቀው። በጁላይ ሙቀት መኪና ውስጥ የተረሳ ሸክላ በአንድ ከሰዓት ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ መርፌው ከፍ ዝቅ ይላል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይንሻፈፋል። ማጫወቻው ሳሎን ውስጥ ጥላ ላይ ይቀመጥና ጓሮ ላይ የሚወጣው ድምፅ ማጉያው ብቻ ይሁን። ሸክላ በጠርዙ፣ በሁለት መዳፍ መካከል ይያዛል፤ ጣት መስመሩን አይነካም። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት አራት ደቂቃ ስለሆነ፣ የሚገለብጠው ሰው አስቀድሞ ይመደብ። ሸክላ የሌለው የፈረንሳዊውን የሙዚቃ አዘጋጅ የፍራንሲስ ፋልሴቶን «ኢትዮጲክ» ተከታታይ አልበሞች ይጠቀም፤ ያው ሙዚቃ ነው።

ቅደም ተከተሉ ከዝርዝሩ ይበልጣል። እንግዳ እየገባ ሳለ የሚሻለው ያለ ድምፃዊ የሚጫወት ሙዚቃ ነው፦ ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒው ዮርክ የቀረጸው አልበም፣ ወይም በዚያው ዓመት የወጣው የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን። ሰው በልቶ ሲረጋጋ ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ ይግቡ። ዓለማየሁ እሸቴ ለመጨፈሪያው ይቆይ። ትዝታ ገና በጠዋቱ ከተከፈተ ድግሱ ለቅሶ ቤት ይሆናል።

ልብስ ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም። ጎፈሬ፣ ቤልቦቶም፣ ሰፊ ከረባትና ሚኒ ይበቃሉ። ሚኒ ያኔ እንዲሁ የሚለበስ ቀላል ነገር እንዳልነበረ ግን ወጣቶቹ ቢያውቁ ጥሩ ነው፤ በ1968 ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጥተዋል። አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ «ጋሼ፣ ያን ሱፍ የት ነበር ያሰፉት?» ቢል፣ ከማንኛውም ጌጥ የበለጠ ዘመኑን ቤት ያስገባል። ሙዚቃው ዝቅ ማለት ያለበትም ለዚህ ነው። ጋሼና እትዬ ሳይጮኹ መደማመጥ ካልቻሉ፣ ዘመኑን የኖሩት ሰዎች በገዛ ድግሳቸው ተመልካች ሆኑ ማለት ነው።

ማዕዱ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ጁላይ ፎር ሁልጊዜ የሚውለው በሐዋርያት ጾም ውስጥ ነው። ጾሙ የሚፈታው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 5 ስለሆነ፣ ከጥብሱ ጎን የምስር ሳምቡሳ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ በተለየ ሳህን ይቅረቡ። ጠጁ በብርሌ ይቀዳ፤ ለማይጠጣና ለልጆች ቀዝቃዛ ብርዝ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ግለሰብ ርችት መተኮስ ክልክል ነውና እሱን ለከተማው ትርኢት መተው ይሻላል። ጎረቤትም ቀድሞ ይነገረው፣ ቢቻል ይጠራ።

ደጋሾች ሆይ፣ ጥሪውን ስትልኩ አንድ ነገር ለምኑ፦ እንግዶቹ ከአልበማቸው የዚያን ዘመን ፎቶ ይዘው ይምጡ። ዋናውን እዚያው በስልክ አንስታችሁ መልሱላቸው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቅጂው ይሁን። ባለቤቶቹ ከመሄዳቸው በፊትም በቅጂው ጀርባ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን አስጽፉ።