እንከን ያላት ጀግና ያደመቀችው ልቦለድ

በ1965 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ ከተማ የተወለደው አብዱራህማን ዋበሪ በ2006 በፈረንሳይኛ ያሳተመው «በተባበሩት የአፍሪካ ግዛቶች» ምናባዊ ልቦለድ፣ ማለትም የሌለ ዓለም ፈጥሮ ያለውን የሚመረምር ድርሰት፣ ሲሆን፣ በውስጡ አፍሪካ ባለጸጋ፣ አውሮፓ ደግሞ ችግረኛ ሆነው ስለተሣሉ፣ አፍሪካውያኑ በማክዲዮፕ ምግብ ቤት ሲመገቡ ያኩባ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ አናጺ ጥገኝነት ፍለጋ ይሰደዳል። የመጽሐፉ ትልቁ ጸጋ ግን ዋና ገጸ ባሕርይዋን ማያን እንከን የለሽ አድርጎ አለማቅረቡ ነው፤ በኖርማንዲ ተወልዳ አስመራ ውስጥ በማደጎ ያደገችው ይህች የጥበብ ሰው ወላጅ እናቷን ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ ስትጓዝ ጥርጣሬና ግራ መጋባት ስለማይለዩዋት፣ ጉዞዋ የአሸናፊ ገድል ከመሆን ይልቅ የራስ ፍተሻ ይሆናል። ማያ ፍጹም ብትሆን ኖሮ ድርሰቱ ሚና የተለዋወጡ አህጉሮች ቀልድ ሆኖ በቀረ ነበር፤ ስደተኞች ወደ ባሕር ማዶ በሚሻገሩባት ጅቡቲ የሚኖር አንባቢም ከሣቅ አልፎ የባለጸጋን ትዕቢት በራሱ ላይ ለመመርመር ባልበቃ ነበር።