ስውር ተጎጂዎች፤ የሮበርት ቼምበርስ ጥያቄ በየካና በእንጦጦ ግርጌ

ሮበርት ቼምበርስ እ.ኤ.አ. በ1986 «ስውር ተጎጂዎች?» በሚል ርእስ ያሳተመው ጽሑፍ ያነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ብዙዎች ዐይናቸውን በስደተኛው ላይ ብቻ ተክለው ሳለ፣ እርሱ ወደ አስተናጋጁ ባላገር ዞሮ፣ ከአስተናጋጆቹ መካከል የሚጠቀመው ማን፣ የሚጎዳውስ ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። መሬትና ትርፍ እህል ያለው ሰው ርካሽ ጉልበትና አዲስ ገበያ ያገኛል፤ በቀን ሥራ የሚያድረውና የጋራውን ማገዶና ውሃ የሚጠብቀው ድኻ ግን ከስደተኛው ጋር ይሻማል፤ አለ።

ይህ ሚዛን ለገጠር የተሠራ ነው። ጸሐፊውም ይህን አልሸሸገም፤ ጥፋቱ ሚዛኑን ሳይለውጡ ወደ ከተማ ይዘውት የገቡት ተከታዮቹ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ኤርትራውያን ስደተኞች ከመጠለያ ጣቢያ ውጭ እንዲኖሩ ሲፈቅድ፣ ፈቃዱን ያገኘው ራሱን የሚችል ወይም ዘመድ የሚደግፈው ሰው ነበር። የመሥራት መብት በሕግ የሰፋው ግን ዘግይቶ፣ በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ገበያ ብዙው ስደተኛ የገባው በጉልበቱ ሳይሆን፣ ባሕር ማዶ ያለ ወንድም ወይም እኅት በላከለት ገንዘብ ነው። ሁሉም ይላክለታል ማለቴ አይደለም፤ ተደብቆ በርካሽ የሚሠራውም ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ጫናው ከቀን ሙያተኛው ደመወዝ ይልቅ በቤት ኪራይ ላይ አረፈ።

ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ወይም በፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ ያለ መንደር ብንወስድ፣ አስተናጋጁ ቢያንስ በሦስት ይከፈላል። ባለ ግቢዋ ባልቴት ጡረታዋ ትንሽ ብትሆንም የጓሮ ሰርቪሷን አከራይታ ትጠቀማለች። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ በቀበሌ ቤት የኖረው ጎረቤቷ ከርሷ ይልቅ ድኻ ሊሆን ይችላል፤ ኪራዩ ግን ከግል ኪራይ እጅግ ያነሰ ነውና የገበያው ንረት አይነካውም፤ እንዲያውም ደባል ያስገባል። የሚጎዳው ሦስተኛው፣ ከግለሰብ የተከራየው ነው። እንግዲህ በከተማ ተጎጂውን የሚለየው ድኽነቱ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ይዞታ ነው። ቼምበርስ «ድኻ አስተናጋጅ» ብሎ በአንድ ቃል የጠቀለለው እዚህ ይፈታል።

ምናልባት የቼምበርስ ደቀ መዝሙር ወደ እንጦጦ ሽቅብ ተመልክቶ፣ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች «እነሆ ተጎጂዎቹ» ይል ይሆናል። የከተማው ስደተኛ ግን ማገዶ ለመልቀም ወደ ባሕር ዛፉ አይወጣም። የእነዚህን ሴቶች ኑሮ የለወጠው የደን ጥበቃውና በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ ነው፤ ስደተኛው የሚነካቸው ምናልባት በተከራይነታቸው ብቻ ነው። ብዙዎቹም ራሳቸው ከገጠር የመጡ ናቸው። የካ የሚለው ስም እንኳ ከኤካ ኦሮሞዎች ስም ጋር ይያያዛል፤ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረችው ከተማ በፊት በዚያ የነበሩት እነርሱ ናቸው፤ አዲሲቱ ከተማም የአካባቢውን እንጨት ጨርሳ በባሕር ዛፍ ነው የዳነችው። «አስተናጋጅ» ተብሎ በቅጽ ላይ የሚሞላው ሰው ከመቼ ወዲህ እንደ ሆነ አይጠየቅም።

ኪራይ በናረ ቁጥር «ኤርትራውያን አስወደዱት» ማለት በከተማችን የተለመደ ሆኗል። የቤት እጥረቱ፣ የገንዘቡ መርከስና የሰፈሮች መፍረስ እያሉ ይህን ሁሉ በስደተኛው ላይ መጫን አላዋቂነት ነው፤ በአንጻሩ ምንም አልጨመረም ማለትም የተከራዩን ምስክርነት መናቅ ነው። የ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ጭማሪን ሲገድብ ተከራዩ ዜጋ ይሁን ስደተኛ ብሎ ልዩነት ያደረገ አይመስለኝም፤ የሚጠይቀው በጽሑፍ የተደረገና የተመዘገበ ውል ነው። በቃል ብቻ ተዋውሎ በጓሮ ክፍል ያደረው ግን፣ ከኮተቤም ይምጣ ከአሥመራ፣ ከአዋጁ ጥላ ውጭ ነው።